ሞጣ ላይ ያልተናገርኩት

ጥቅምት 7

ዛሬ የተለየ ነገር የለም። ሦስት ክፍል አስተማርኩ። ለዘጠነኛ «ለ» የሳንባን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ስስል አንዱ ከኋላ «ቲቸር፣ ሳንባ ከሚበላው ነው ከሚጣለው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

ቤት ስደርስ ልጄ ንጋት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ደረቷ ያፏጫል። ገመድ ስትዘል ውላ ነው። ሰማያዊውን ፓፍ ሁለት ጊዜ ነፋሁላት፣ ተመለሰች። በዚህ ሳምንት ስንተኛዋ ነው? አራተኛ መሰለኝ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ይሄ አስም አለቀቃትም።

ነገ ጤና ጣቢያ፣ ይታገስ ጋ እወስዳታለሁ።

ጥቅምት 8

ይታገስ ጤና መኮንን ነው፣ የባለቤቴ የስማቸው አብሮ አደግ። ደረቷን አዳመጠና ሌላ ፓፍ ጨመረላት፣ ቡኒ።

«ሰማያዊው ስትታፈን ነው። ይሄ ግን እንዳትታፈን ነው። ጠዋትና ማታ፣ ደኅና ብትሆንም። ቶሎ አይታይሽም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ተሻላት ብለሽ እንዳታቋርጪ፣ ይርገዱ። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።»

እኔ? የባዮሎጂ መምህር? አላቋርጥም አልኩት።

ጥቅምት 12

እታለም ውበቴ ከሞጣ መጣች። ሳትነግረኝ። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትምህርቷን ትታ ልብስ እየሰፋች ለዚህ ያበቃችኝ እሷ ናት። ስለዚህ እታለም ስትመጣ እኔ እነሳለሁ፣ እታለም ስትናገር እኔ እሰማለሁ። እንዲህ ነው የኖርነው።

ወርቃማ ክዳን ያለው ዕቃ ከዘንቢሏ አወጣች። «ኃይለ ምድር» ይላል። ግራጫ ዱቄት። ክዳኑን ስትከፍተው የዛገ ሚስማርና የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ቤቱን ሞላው።

«ሰባ ሁለት ማዕድን ነው» አለች።

«ሰባ ሁለቱ ምን ምን ናቸው?»

«እንግዲህ ጀመርሽ...»

ወረቀቱን አነበብኩት። አንዱም ማዕድን በስሙ አልተጻፈም። የሚያድናቸው በሽታዎች ግን በዝርዝር አሉ። ስኳር፣ ግፊት፣ አስም፣ መካንነት፣ ድብርት... ከራስ እስከ እግር የቀረ የለም።

በውኃ በጥብጣ ለንጋት ሰጠቻት። ልጅቷ ጎንጨት አደረገችና አስታወከችው። እታለም ጠርጋ እንደገና በጠበጠች። «መድኃኒት መራራ ነው፣ የኔ እናት። ጨክኚ።» ንጋት በእንባዋ ውስጥ እኔን አየችኝ። አስጥዪኝ ማለቷ ነው።

አላስጣልኳትም። ለምን? እታለም ትቀየማለች ብዬ።

ቡኒውን ፓፍ እታለም ሳታየኝ ጓዳ ወስጄ ነፋሁላት። በገዛ ቤቴ፣ ለገዛ ልጄ... እንደ ሌባ።

ጥቅምት 25

ንጋት ደኅና ናት። ሰማያዊውን ለመጨረሻ ጊዜ ካነሳሁት ዘጠኝ ቀን ሆነ። ትናንት ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች፣ እየሮጠች!

እታለም በየቀኑ ትደውላለች። «አየሽ? ኃይለ ምድር አይደል? አየሽ?»

እኔ ተማሪዎቼን የማስተምረው ምንድን ነው? ሁለት ነገር ባንዴ ከጀመራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም እላለሁ። እኔ ግን አውቃለሁ። ዱቄቱን ከሦስት ቀን በኋላ ትቼዋለሁ፣ ልጅቷ ሁሌ ስለምታስታውከው። ፓፏን ግን አንድም ቀን አላቋረጥኩም።

ለእታለም ግን «ደኅና ናት» ብቻ ነው የምላት። ውሸት አይደለም። ደኅና ናት።

ኅዳር 3፣ ሞጣ

በእታለም ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው። እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ሰው ሁሉ ሲጨብጠኝ ነው የዋለው።

«የኃይለ ምድር ስብሰባ አለን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነይልኝ» ብላኝ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ገበሬ፣ ነጋዴ፣ መነኩሲት፣ ልጅ ያዘለች... እታለም ስትገባ ሰዎች ብድግ አሉላት። «የወርቅ መሪ» የሚባል ማዕረግ ሰጥተዋታል ለካ። አንገቷ ላይ ቢጫ ሪባን አስረውላታል።

መድረኩን የያዘው ቢያዝን የሚባል ሰውዬ ነው። ሁሉም «ዶክተር» ይሉታል። የምን ዶክተር እንደሆነ ጎኔ የተቀመጡትን ብጠይቅ የሚያውቅ የለም። ድምፁ ግን... ያምራል። አልዋሽም።

«ወገኖቼ! እናንተ የቅኔ አገር ሰዎች ናችሁ፣ ሰምና ወርቅ እኔ አላስተምራችሁም። አስም! ፊተኛዋን ፊደል አውጧት። ምን ቀረ? ስም! ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ጥሯት፤ ሰም! ሳሉ ሰም ነው። ፉጨቱ ሰም ነው። ፓፍ የሚነፋ ሰው ሰሙን ሲያክም ይኖራል። ወርቁስ? ወርቅ ምንድን ነው፣ ወገኖቼ? ማዕድን!»

አዳራሹ «አበጀህ!» ብሎ ተነሳ። እኔም ፈገግ አልኩ። ጥሩ ነው ብዬ... እግዚኦ።

ከዚያ ስሜን ጠራ። «የባዮሎጂ መምህርት! ሳይንስ የተማረች! ስለ ልጇ ራሷ ትመስክር!» እታለም እጄን ይዛ አስነሳችኝ። አልተዘጋጀሁም፣ አልጠበቅኩም። ማይኩን ያዝኩ። እታለምን አየኋት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ዩኒቨርሲቲ የሸኘችኝ ቀን እንደዚህ ነበረች።

«ልጄ አስም አለባት» አልኩ። «አሁን ግን ሁለት ሳምንት አልፏት፣ አልታፈነችም።»

ጭብጨባ።

መሀል ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት ተነሳች፣ ጥቁር ሂጃብ የለበሰች፣ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ አቅፋ። «ፓፉንስ? ፓፉን ትታለች?» አለችኝ።

ቢያዝን አየኝ። እታለም አየችኝ። ሰማያዊውን አሰብኩ። ልክ ነው፣ ሰማያዊው መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቷል።

«አሁንማ አያስፈልጋትም» አልኩ።

ያቺ ሴት ልጇን ጭንቅላቷ ላይ ሳመቻትና ተቀመጠች።

ኅዳር 4

ወደ ቤቴ፣ ቢቸና ተመለስኩ። ለስማቸው ነገርኩት። እሱ ብዙ አይናገርም። ጫማውን እየፈታ ሰማኝና፦

«ቡኒውን ነገርሻቸው?»

«እራት ላቅርብ?»

«ይርጌ፣ ቡኒውን ነገርሻቸው ወይ?»

ወጥ እያማሰልኩ ነው ብዬ ጓዳ ገባሁ። ወጡ ከወጣ ቆይቷል።

ኅዳር 9

መምህራን ማረፊያ ስገባ ሳቁ። «ታዋቂ ሆንሽ እኮ!» የሞጣውን ንግግሬን ቴሌግራም ላይ ለቀውታል። ከሥር «የባዮሎጂ ሊቅ ምስክርነት» ይላል። ድምፄን ሰማሁት። «አሁንማ አያስፈልጋትም።» እንዴት ያለ የሚያቅለሸልሽ ድምፅ ነው! ለስላሳ፣ የተረጋጋ። ተማሪዎች የሚያምኑት ድምፅ።

እታለምን «አስወርጂልኝ» አልኳት። ስልኩን ለቢያዝን አቀበለችው።

«መምህርት፣ የዋሹት ነገር አለ?»

«ልጄ ሌላ መድኃኒትም ትወስዳለች። እሱን አልተናገርኩም።»

«እኔም አልጠየቅኩዎትም።» ሳቀ። «ሆስፒታልም እኮ ለአስም ማግኒዥየም ይሰጣል። ይጠይቁ። እኛ በአፍ እንሰጣለን፣ እነሱ በመርፌ። ልዩነቱ መርፌው ነው። ወይዘሮ ውበቴን አያሳፍሯቸው፣ ብዙ ደክመዋል።»

ስልኩን ዘጋሁት። ጆሮዬን በሻሼ ጠረግኩት። እውነቴን ነው፣ ጠረግኩት።

ለምን ግን ያኔውኑ አንድ ነገር አላደረግኩም? ለይታገስ ብነግር? ወደዚያች ሴት ብሄድ? ስሟን አላውቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መጠየቅ አይቻልም ነበር?

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከነጋ ጀምሮ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል። ላስቲክ፣ ጭራሮ፣ የጫማ ቅዳጅ... ከተማው አይታይም። ትምህርት አልላክኋትም። እርጥብ ፎጣ በሩ ሥር አድርጌ ከንጋት ጋር ጓዳ ተቀምጠን ዋልን። ቡኒውን ወሰደች፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ሰማያዊውን። ሁኔታዋ አላሰጋኝም።

ሞጣም ይሄኔ ይጨሳል። ያቺ ልጅ...

ኅዳር 13

እታለም ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አንዲት ልጅ ታማለች። የነጋዴው የአብዱልዋሂድ ልጅ፣ ሂዳያ። ትናንት በጭሱ። ሆስፒታል ናት። እንግዲህ ሰው ቢደውልልሽ ምንም አላውቅም በይ። ሕመሙ ድሮም ነበረባት።»

«እናቷ ሂጃብ ለባሿ ናት? የጠየቀችኝ?»

«ኸይራት ናት። አዎ።»

«ልጅቷ ትተርፋለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ዶክተር ቢያዝን ዝም እንበል ብሏል።»

ዝም እንበል።

ሽንት ቤት ገብቼ አስታወኩ። ንጋት በሩን እያንኳኳች «እማ፣ አንቺም ዱቄቱን ጠጣሽ?» አለችኝ።

ኅዳር 17፣ ሞጣ

ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ደብረ ወርቅ፣ ግንደወይን... ሁለቱም ጋ ወርጄ ልመለስ ቃጥቶኝ ነበር። ግንደወይን ላይ እንዲያውም አንድ እግሬን አውርጄ ረዳቱ «ትወርጃለሽ አትወርጅም?» ብሎ ጮኸብኝ።

ሂዳያ ተርፋለች። ተርፋለች! ኦክስጅኑን ከአፍንጫዋ ያነሱት ትናንት ነው። የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ጠፍታለች፣ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ አንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ እስትንፋስ በሳበች ቁጥር ይሰምጣል። ኸይራት ከጎኗ ተቀምጣለች። ማን ነሽ አላለችኝም።

«ቲቸሯ» አለች።

«አዎ።»

«ያን ዕለት ጠየቅኩሽ። ፓፉን ትታለች ወይ ብዬ።»

«ጠይቀሽኛል።»

«ምን አልሽኝ?»

«አያስፈልጋትም አልኩሽ።»

«ውሸት ነበር?»

«የማያስፈልጋት ሰማያዊው ነው» አልኳት። «ቡኒ ደግሞ አለ፣ በየቀኑ የሚወሰድ። ልጄን ያሻላት እሱ ነው። ያን ዕለት ጠዋትም ወስዳ ነበር።»

ኸይራት አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሁለት ዓይነት መኖሩን እኔ አላውቅም» አለች። «እኛ ያለን አንድ ብቻ ነበር። ሰማያዊው።»

ከዚያ የቀረውን ነገረችኝ። በስብሰባው ማግስት እኔ ቢቸና ከተሳፈርኩ በኋላ እታለም ቤታቸው ሄዳለች። ዱቄቱን አስጀመረቻቸው። ፓፉን ከመስኮቱ ላይ አነሳችና ሽንት ቤት ጨመረችው፣ በእጇ። «የእህቴ ልጅ ትታዋለች፣ ሁለት ልብ አትሁኚ» ብላ።

«ኅዳር ሲታጠን ልጄ ዓይኗ ሲገለበጥ እኔ ምን እያደረግኩ እንደነበር ታውቂያለሽ? ሽንት ቤቱ አፍ ላይ ተደፍቼ በእንጨት እፈልግ ነበር። ያን ፓፍ። ወላሂ ባገኘው አጥቤ አፏ ላይ ላደርገው ነበር።»

ሐኪሙ ገባ። አባቷ አብዱልዋሂድም ተከትሎት። አብዱልዋሂድ እኔን አላየኝም፣ ወይም ማየት አልፈለገም። «ዶክተር፣ ማግኒዥየም ሰጠናት ብለኸኝ ነበር። ታዲያ ያ ሰውዬ ልክ ነበር ማለት ነው?» አለው።

ሐኪሙ ደክሞታል፣ ግን ታግሶ መለሰ። «በደም ሥር ነው የሰጠናት። በልክ፣ ልቧንና ትንፋሽዋን እየተከታተልን፣ ሌላው አልበቃ ሲል። በአፍ የሚዋጥ ዱቄት ይሄን አይሠራም። ውኃ እሳት ያጠፋል ተብሎ ቤትህ ሲቃጠል አንድ ብርጭቆ ትጠጣለህ?»

አብዱልዋሂድ አንገቱን ደፋ።

ስወጣ ኸይራት እስከ በሩ መጣች። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት፣ ቀስ ብዬ፣ በሽተኞቹ እንዳይሰሙ።

«እዚህ ጆሮዬ ሥር አታንሾካሹኪብኝ» አለች። «የዋሸሽው በማይክ ነው።»

ኅዳር 18

ማታውን ያደርኩት እታለም ጋ ነው። ሌላ የት አድራለሁ? ጠዋት ጠየቅኳት።

«ሽንት ቤት የጣልሽው አንቺ ነሽ?»

«በእምነት ይጀምሩ ብዬ ነው።»

«እታለም! የልጅ መድኃኒት!»

«አንቺ አይደለሽም ወይ አያስፈልጋትም ያልሽው? እኔ ያንቺን ቃል ነው የወሰድኩት! የተማርሽው አንቺ፣ ያስተማርኩሽ እኔ!»

እውነቷን ነው። የዋሸሁት አዳራሹን ብቻ አልነበረም። ዱቄቱን ስትሰጠኝ ጓዳ ገብቼ ፓፍ የደበቅኩባት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትደውል «ደኅና ናት» እያልኩ ያሳመንኳት እኔ ነኝ።

ይሄን ስነግራት ቁጭ አለች። የስፌት መኪናዋን ጎማ በእጇ አዞረች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የሰው ልብስ ስለካ ነው የኖርኩት። እዚያ አዳራሽ ስገባ ሰው ይነሳልኛል፣ ይርገዱ። ሰው ይነሳልኛል።»

ቀጣዩ ስብሰባ ታኅሣሥ አንድ ነው። ሄጄ እንደምናገር ነገርኳት።

«እዚያ ከቆምሽብኝ እህት የለሽም» አለች።

ታኅሣሥ 1

ተናገርኩ።



ቢያዝን ሲያየኝ እንደ ወዳጅ እጁን ዘረጋ። እጁ ለስላሳና እርጥብ ነው። አሁንም ቀንድ አውጣ የነካሁ ይመስለኛል። ሌላ ምስክርነት ይዤ የመጣሁ መስሎት ማይኩን ራሱ ሰጠኝ። እታለም መድረኩ ላይ ከነሪባኗ ተቀምጣለች። ወደ እኔ አትመለከትም።

«ባለፈው እዚህ ቆሜ ልጄ እንደተሻላት ነግሬያችሁ ነበር» አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ማጨብጨባቸው እንዴት እንዳስጠላኝ! «የተሻላት በዚህ ዱቄት አይደለም። ዱቄቱን ሦስት ቀን ሰጥቻት ትቼዋለሁ። የተሻላት ሐኪም ባዘዘላት ፓፍ ነው። ለዚያች እናት ስመልስ ዋሽቻለሁ...»

ማይኩ ጠፋ።

እኔ ግን ስድሳ ሰባት ተማሪ ባለበት ክፍል፣ ያለ ማይክ፣ አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። የልጅቷን ስም አልጠራሁም። አንዲት ልጅ በእኔ ቃል ምክንያት ለሞት ደርሳ መመለሷን ተናገርኩ። ሰማያዊና ቡኒ ምን እንደሆኑ ተናገርኩ። ፓፍ የጣላችሁ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ አልኩ።

«ተከፍሏት ነው!» አለ አንዱ። «አውጧት!» አለ ሌላው። ቢያዝን ፈገግታውን አላጠፋም። «ወገኖቼ፣ ሰም ስትቀልጥ እንዲህ ታንጠባጥባለች» አለ። ሳቁ! በልጅ ትንፋሽ ላይ ቅኔ ዘረፈ፣ እነሱም ሳቁ። ባለፈው እኔም እንደዚሁ ፈገግ ብዬ ነበር።

የሳቁት ግን ሁሉም አይደሉም። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን በእጅ ይዘው ተነሱ። «ልጄ፣ ይቺም ፓፍ ነበራት። እኔ ነኝ ያስተውኳት። ከዛሬ በኋላ ብትጀምር ጤናዋ ይመለስላታል?» አሉኝ።

«ይመለስላታል፣ አባባ። ዛሬውኑ ይውሰዷት።»

ወጡ። ሁለት እናቶች ተከተሏቸው። ከዚያ አንድ ሌላ ሰው። አራት ቤተሰብ ማለት ነው። የቀረው አዳራሽ እንደሞላ ነው።

እታለም እስከ መጨረሻው ቀና አላለችም።

ታኅሣሥ 4

አዲስ ቪዲዮ ለቀዋል። እኔ ነኝ። «ባለፈው እዚህ ቆሜ ልጄ እንደተሻላት ነግሬያችሁ ነበር።» ጭብጨባ። እዚያ ላይ ይቆረጣል።

ይሄን ቆርጦ የሚለቅ ሰው እራት በልቶ ይተኛል? ልጅ አለው?

ስማቸው «የራስሽን ቪዲዮ ቀድተሽ ልቀቂ» አለኝ። ግቢው ውስጥ ቀዳኝ፤ ዶሮዎቹ ይጮኻሉ፣ እኔ ሁለቴ ተሳሳትኩ። እንደዚያው ለቀቅነው። የእነሱን ያህል አልታየም።

ታኅሣሥ 10

ርዕሰ መምህሩ ጠርቶኝ «ስልክ ተደውሎ ነበር፣ ስም አጥፍታለች ይላሉ» አለኝ። ምን ትመልሻለሽ ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ወንድሜ አስም አለበት፤ ቡኒውን የት ነው የሚያገኙት?» አለኝ።

ታኅሣሥ 20

ከሞጣ ሦስት እናቶች ደወሉ። አንዷ ሰድባኝ ዘጋች። ሁለቱ ጠየቁኝ። ለሁለቱም «ሐኪም ይያት» ነው መልሴ። ከዚያ ያለፈ አንዲት ቃል አልጨምርም።

ትንንሾቹ ልጆች ፓፉን መሳብ አይችሉም፣ አፋቸው ውስጥ ቀርቶ ይወጣል። ይታገስ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ በስቶ እንዴት እንደሚሠራ አሳየኝ። በአንዱ ጫፍ ፓፉ፣ በሌላው ልጁ፣ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። እሱ ለእናቶች ሲያሳይ እኔ ጠርሙስ እበሳለሁ። ዛሬ አራት አበላሸሁ።

ታኅሣሥ 29

ገና። እታለም በየዓመቱ ትመጣ ነበር። አልመጣችም። ስልኳ ይጠራል፣ አታነሳም።

ጥር 14

እታለም መጣች።

ሳትነግረኝ፣ እንደ ድሮው። ግን ዘንቢል የላትም። ሪባንም የላትም። ከስታለች። ንጋት ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እታለም ጆሮዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየች። ስታዳምጥ ነው።

«አያፏጭም» አለች።

«አያፏጭም።»

ምሳ በላን። ከዚያ፦ «ቢያዝን ከሞጣ ወጥቷል። ደጀን ላይ ስብሰባ ጀምሯል አሉ። በእኔ ሥር ዱቄቱን ሲሸጡ የነበሩት ሴቶች ደጄ ላይ እየመጡ ይሰድቡኛል። ሲወጣ ደህና ሁኚ እንኳ አላለኝም።»

ደጀን። ዓባይ ድልድይ አፋፍ ላይ ስንት መኪና፣ ስንት ሰው ያልፋል... ሌላ አዳራሽ፣ ሌላ እናት። ነገ ይታገስን አነጋግራለሁ፣ እዚያ የሚያውቃቸው ሐኪሞች አሉ።

«የተረፈው ዱቄት አልጋዬ ሥር ነው» አለች። «ምን ላድርገው? ጎመኑ ላይ ልበትነው?»

«ጎመኑ ምን በደለሽ?»

ሳቀች። ወዲያው ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። «በእጄ ነው የጣልኩት፣ ይርጌ። በዚህ እጄ። ልጅቷ እያየችኝ ነበር። 'አትጣዪው' አለችኝ እኮ።»

ይሄን ኸይራት አልነገረችኝም ነበር። እታለምን ላቅፋት እጄን አንስቼ... ተጸየፍኳት። እህቴን፣ ያሳደገችኝን። እጇን አየሁት። ከዚያ የራሴን አየሁ፣ ማይክ የያዘውን። ከማን እሻላለሁ? አቀፍኳት።

«ይዘሽኝ ሂጂ ወደ እናቷ» አለችኝ።

«ለብቻሽ ሂጂ፣ እታለም። እኔም ለብቻዬ ነው የሄድኩት።»

የካቲት 5

ከሰዓት የፈተና ወረቀት ሳርም ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር።

«ኸይራት ነኝ» አለች።

ተነስቼ ቆምኩ። ማንም አያየኝም፣ ግን ቆምኩ።

«እህትሽ መጥታ ነበር» አለች።

«ምን አለችሽ?»

«አለቀሰች። ቤት አላስገባኋትም። ፀሐዩ ከባድ ነበር፣ ውኃ ሰጠኋት። ልጅቷን ይቅርታ ልጠይቃት አለች። ሂዳያ መጋረጃ ይዛ ከውስጥ አየቻትና 'አሁን ሁለት አለኝ፣ ሁለቱንም አትነኪም' አለቻት።»

ከኋላዋ ልጅ ስትሮጥ ይሰማኛል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ሂዳያ ካመማት ሁለት ወር አልፏታል። ሌሊት ትተኛለች፣ ትሮጣለች። ቡኒውን አሁን ባቆምላትስ?»

«እንዳታቆሚ። ደኅና የሆነችው በእሱ ነው። የሚቀንሰውም የሚያቆመውም ሐኪሟ ብቻ ነው፣ አይቷት።»

«ከወሰደች በኋላስ ምን ታድርግ?»

«በውኃ ትጉመጥመጥና ትትፋው።»



«እሺ» አለች። «ከአንቺ በፊት ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነበር። ይሄንኑ ነው የጠየቅኩት። አንድ ዓይነት መልሳችኋል።»

ዘጋችው። ቻው አላለችም።

ቁጭ አልኩ። ወረቀቶቹን ወደ ጎን ገፋሁ። ሰው እንዲህ ሲጠረጥረኝ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ነገ ክፍል ስገባ ለዘጠነኛ «ለ» የምላቸው ይሄን ነው፦ እኔ የምነግራችሁንም ሄዳችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።